አራተኛው ቢጫ

ጋሽ ኦይታ ጎረቤቴ ነው። በእሱና በእኔ ግቢ መካከል ያለው ግማሽ ጎኑ የዘመመ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው፤ እናሳድሰው እየተባባልን ሃያ ዓመት አለፈን። ጠዋት የምነቃው በሽመና መወርወሪያው ድምፅ ነው። ቀጭ ይላል፣ ዝም ይላል፣ መልሶ ቀጭ ይላል። ዐይኔን ሳልገልጥ ስሰማው፣ የአባያ ሐይቅ ከታች ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ሰፈራችን ወደ ሴቻ የሚወጣ ይመስለኛል። የሐይቁ ውኃ እንደሚታወቀው ቀይ ነው፤ በእኔ ሰመመን ግን ነጭ ሆኖ፣ ተፈትሎ፣ በየቤቱ ደጃፍ ያልፋል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ይታየኛል። ልጆቼ ሐኪም ይይሽ ይሉኛል። እኔ ደግሞ ሐኪም የሚያስፈልገው ሌላ ሰው ነው እላቸዋለሁ።

ከጡረታ በፊት ሃያ ስምንት ዓመት ችሎት ጸሐፊ ነበርኩ። አባቴ ከደብረ ታቦር ለመንግሥት ሥራ ተመድቦ መጥቶ እዚሁ አርባ ምንጭ ቀረ፤ እኔንም ሰብሊ ብሎ እዚሁ አሳደገኝ። ‹ተጨማሪ የምርመራ ጊዜ ተፈቅዷል› የሚለውን ስንት ሺህ ጊዜ እንደጻፍኩት አላውቅም። ጣቶቼ ራሳቸው ያውቁት ነበር። እነሱ ሲጽፉ እኔ ስለ ምሳ አስባለሁ። ኋላ ላይ ስለ ችሎት ስናገር ከየት ሆኜ እንደማይ እንድታውቁት ነው ይህን ቀድሜ መናገሬ።

ጋሽ ኦይታ የኦቾሎ ልጅ ነው። ኦቾሎ ከሐይቁ በላይ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለች መንደር ናት፤ ወንዱ ሸማኔ ነው፣ ሴቷ ትፈትላለች። በሃያ ዓመቱ ወርዶ ከቤታችን አጠገብ ጉድጓድ ቆፈረ፤ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰድዶ፣ ድሩን ፊቱ ዘርግቶ ይኸው እስከ ዛሬ ተቀምጧል። ኩራቱ አንድ ነው፤ ከእጁ የተሳሳተ ሥራ ወጥቶ አያውቅም። ሌላው ሸማኔ አንድ ክር ቢዘለው ማን ያየዋል ብሎ ይሸጣል። ጋሽ ኦይታ የግማሽ ቀን ድካሙን ይፈታል። ተሳሳትኩ ሲል ግን አልሰማሁትም። ‹ክሩ ነው› ይላል፤ ‹ብርሃኑ ነው› ይላል፤ አንዴማ ‹ሰብሊ፣ ያንቺ ሬዲዮ ነው› ብሎኛል። ነፍሷን ይማርና ሚስቱ አገኘሽ፣ ‹አንተ ሰውዬ፣ ጌታ ፊት ስትቀርብ ምን ልትል ነው?› ትለው ነበር። ‹ለጌታ እነግረዋለሁ፤ ላንቺ አልነግርሽም› ይላታል። እንደዚያ እየተባባሉ ነው አርጅተው ሞት የለያቸው።

ኦቾሎ ላይ ኤርጫፎ የሚባል እኩያ አለው። አብረው ነው ሥራ የለመዱት። ከሠላሳ ዓመት በፊት የማን እጅ ይበልጣል በሚል ተኳረፉ፤ እንደተኳረፉ ቀሩ። ኤርጫፎ ገበያ በወረደ ቁጥር የኦይታን ሥራ አንሥቶ የጥለቱን መስመር በጣቱ እየነካ ይቆጥራል፤ የሚነቅፈው ያጣና አጣጥፎ ይመልሳል። ይህን የነገሩት ቀን ጋሽ ኦይታ እራቱን ሁለት ጊዜ ይበላል።

አንዲት ልጅ አለችው፤ ጽጌሬዳ። በልጅነቷ ከጉድጓዱ ጠርዝ ላይ፣ ከተዘረጋው ድር ሥር እንቅልፍ ይወስዳት ነበር። ነጩ ክር ከላይዋ ሲነቃነቅ፣ ጥላው ፊቷ ላይ ሲሄድ ሲመለስ፣ እኔ በአጥሩ ቀዳዳ ቆሜ አየዋለሁ፤ ሥራ የሚረፍድብኝ በእሷ ነበር። አድጋ ሕግ ተማረች፤ ሁለት ክፍልና አንድ የሚያስቸግር ፕሪንተር ባለው የሰብአዊ መብት ማኅበር ውስጥ ተቀጠረች። ሥራዋ የሰው ስም መጻፍ ነበር። ማን ታሰረ፣ መቼ፣ የት፣ ችሎት ቀረበ ወይ፣ ስንቅ ይገባለታል ወይ። ጫኖ ትወርዳለች፣ ላንቴ ትወርዳለች፣ ሙዝ ከሚለቅሙ ሰዎች ጋር ቁጭ ብላ ትጠይቃለች፣ ትጽፋለች። አንድ ስም ከዘለላት ሙሉውን ገጽ እንደ አዲስ ትገለብጠዋለች። ከማን እንደወረሰችው አልነግራችሁም።

ባለፈው ሰኔ መጀመሪያ ላይ ከቢሮዋ ወሰዷት። ሁከት በማነሣሣት ነው አሉ። ማስረጃው ያው ደብተሯ ነው። አሥራ አራት ቀን ተጠየቀባት፣ ተፈቀደ። አሥር ቀን ተጠየቀባት፣ ተፈቀደ። ደግሞ አሥር፣ ተፈቀደ። በሁለተኛው ቀጠሮ ተነሥታ፣ ‹ክቡር ፍርድ ቤት፣ ስመረመር በጥፊ ተመትቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ግራ ጆሮዬ አይሰማም። የምተኛው ባዶ ሲሚንቶ ላይ ነው። ሐኪም ይየኝ› አለች። ዳኛው ትታከም ብለው አዘዙ፤ ትእዛዙም እዚያው ወረቀቱ ላይ ቀረ። በእኔ ቦታ የተቀመጠችው ወጣት ጸሐፊ ቀና ሳትል ትጽፍ ነበር። ስለ ምን እያሰበች እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ ተናደድኩባት፣ ከዚያ በራሴ ተናደድኩ።

ጋሽ ኦይታ ከዚያ ችሎት እንደተመለሰ ቡልኮ ጀመረ። አርባ ምንጭ ቡልኮ የሚደረብባት አገር አይደለችም፤ በአንሶላም ያልበናል። ይህ ግን ለብርድ አልነበረም፣ ለሲሚንቶው ነው። እጥፍ ድርብ፣ ወፍራም፣ ሁለቱ ጫፎቹ ላይ የአገሩ ጥለት ያለበት፤ ሦስት መስመር ጥቁር፣ ሦስት ቀይ፣ ሦስት ቢጫ። መወርወሪያው ከወትሮው ፈጠነ። ሐይቁም በእኔ ሰመመን ውስጥ እየሮጠ ይወጣ ጀመር።

ሐምሌ አሥራ አንድ ቀን ዋስትና ተፈቀደላት። ጋሽ ኦይታ ችሎት አልመጣም ነበር፤ ያው ቀን ይጨምሩባታል ብሎ የቡልኮውን ሁለተኛ ጫፍ ሊጨርስ ቤት ቀረ። ደወልኩለት። ‹ተፈታች ጋሽ ኦይታ!› አልኩት። ስልኩ ውስጥ የተሰማኝ የመወርወሪያው ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ የሥራ ባልደረባዋ ክብሩና እኔ የመፍቻውን ወረቀት ይዘን ጣቢያው በር ላይ ቆምን። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። በኋለኛው በር አንዲት ፒካፕ ወጣች። ከኋላ በሁለት ፖሊስ መካከል ጽጌሬዳ ተቀምጣለች። ክብሩ ሮጦ ሲጠይቅ፣ ‹ሌላ ወረዳ ትፈለጋለች፣ ሌላ መዝገብ ነው› አሉት። መኪናዋ ወደ ደጋው መንገድ ታጠፈች። እንደገና ደወልኩ። ‹ጋሽ ኦይታ፣ ወደ ደጋ ወሰዷት› አልኩት። ‹እሺ› አለና ዘጋው። ቤት ስደርስ እየሠራ ነበር። አንገቱን ቀና አላደረገም።

በማግሥቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አብረን ሚኒባስ ተሳፈርን። ቡልኮውን አጣጥፎ በፌስታል አድርጎ ጭኑ ላይ ይዞታል። እኔ ኩርኩፋ ሠርቻለሁ፤ የበቆሎውን ዱቄት ሃላኮ በሚሉት በሽፈራው ቅጠል ድብልብል አድርጌዋለሁ፣ ትወደዋለች። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወጣ ሙዙ ቀረ፣ ማንጎው ቀረ፣ እንሰቱ መጣ፣ ከዚያ ጭጋጉ ሁሉንም ወሰደው። ተኛሁ መሰለኝ። ጽጌሬዳ ትንሽ ልጅ ሆና ከድሩ ሥር ተኝታ አየኋት፤ ድሩ ግን ጭጋግ ነበር። ጋሽ ኦይታ ‹ደርሰናል› ብሎ ሲነካኝ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ነው የነቃሁት።

የወረዳዋን ከተማ ስም አልጠራም። ጣቢያው በር ላይ ልጅ እግር ፖሊስ ቆሟል። መጀመሪያ ኩርኩፋውን ቅመሺ አለኝ፤ መርዝ እንዳልሆነ ለማሳየት ሁለት ዋጥኩ። ቀጥሎ ቡልኮውን ዘረጋው። ሁለቱን ጫፎች ጎን ለጎን ሲያደርግ እኔም አየሁት። በአንደኛው ጫፍ ሦስት ጥቁር፣ ሦስት ቀይ፣ ሦስት ቢጫ። በሌላኛው ላይ ግን ጥቁሩ ሁለት ነው፣ ቀዩ የለም፣ ቢጫው አራት ነው። ጋሽ ኦይታ ያን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፎት ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ። የሸመነው ትናንት ነው፣ ሁለት ጊዜ በደወልኩለት ሰዓት። እፈታለሁ ቢል ደግሞ የጠዋቱ መኪና ሊያመልጠው ነው።

‹አባባ፣ ይሄኛው ለምን ተለየ?› አለ ፖሊሱ። ነገር ፍለጋ አልነበረም፤ ገርሞት ነው የጠየቀው።

ጋሽ ኦይታ ፊቱ አመድ መሰለ። ‹ሆን ብዬ ነው› አለ።

‹ለምን?›

‹እንዲሁ። ሆን ብዬ።›

ፖሊሱ አለቃውን ጠራ። አለቃው መርማሪውን ጠራ። መርማሪው ደግሞ ‹ሆን ብዬ ነው› የሚለውን ጻፈና ጋሽ ኦይታን አስፈረመው። ቡልኮው ማዳበሪያ ውስጥ ገብቶ ቁጥር ተለጠፈበት፤ ኤግዚቢት ሆነ። ኩርኩፋው ገባ፣ እኛ ተመለስን። እሷ የተኛችው በዚያ ብርድ ያው ሲሚንቶ ላይ ነው።

ሚኒባሱ ውስጥ አላስቻለኝም። ‹ተሳስቻለሁ ብትል ምን ነበረበት? ምላስህ ይቆረጥ ነበር?› አልኩት። ጋሽ ኦይታን እንዲህ ተናግሬው አላውቅም። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ፣ ‹ሸማ የማያውቅ ልጅ ፊት?› አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ችሎት ቀረበች። መርማሪው ቆሞ፣ በተጠርጣሪዋ አባት በኩል ሊገባ የነበረ ምስጢራዊ መልእክት ያለበት ልብስ ይዘናል አለ። አራቱ ቢጫ አራት ሰው ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱ ጥቁር ሁለት ቀን ሊሆን ይችላል፣ የሌለው ቀይ ምን እንደሆነ ገና እናጣራለን፤ አሥራ አራት ቀን ይፈቀድልን አለ። ልስቅ ነበር። ጽጌሬዳ በቀጭን ሹራብ ስትንቀጠቀጥ ሳይ ግን ተውኩት። የደጋው ዳኛ ሳል የሚያስቸግራቸው ሽማግሌ ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ሰባት ቀን ፈቀዱ፤ በዚያ ውስጥ ልብሱን ሸማ የሚያውቅ ባለሙያ ይየው አሉ።

ያን ሳምንት መወርወሪያው አልተሰማም። ጠዋት ዐይኔን ጨፍኜ ብጠብቅ ብጠብቅ ሐይቁ ከቦታው አልተነሣም። በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ ጋሽ ኦይታ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰድዶ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ባዶውን ተቀምጧል። ፖሊሶቹ ባለሙያ ሲያፈላልጉ፣ በአካባቢው ከኦይታ ቀጥሎ እጅ ያለው ማን ነው ብለው ጠየቁ። ሰው ሁሉ ኤርጫፎ አላቸው። ከኦይታ ጋር እንደተኳረፈም ነገሯቸው። መርማሪው ደስ ሳይለው አልቀረም።

በቀጠሮው ቀን ጭጋጉ በተከፈተው መስኮት ገብቶ ችሎቱ ውስጥ ነበር። ከኋላ ወንበር የተቀመጡት ሰዎች ፊት የሚታየው በግምት ነው። ከኦቾሎ አሥር የሚሆኑ ሸማኔዎች መጥተዋል፤ ስለ ሸማ ፍርድ ሲሰጥ ሰምተው አያውቁም። ጽጌሬዳ ግራ ጎኗን ወደ ሰዉ አድርጋ ተቀምጣለች፤ በመካከል ፖሊስ ቆሟል። ኤርጫፎ ቡልኮውን ተቀበለ። ጥሩውን ጫፍ በጣቱ ቆጠረ፣ ሌላኛውን ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ።

‹ስሕተት ነው ወይስ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው?› አሉ ዳኛው።

ኤርጫፎ ጣቱን ከጥለቱ አነሣ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ‹ጌታዬ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት የዚህን ሰውዬ ሥራ ቆጥሬያለሁ። ስሕተት ፈልጌ ነው የቆጠርኩት፤ አላገኘሁም። ከኦይታ እጅ ስሕተት አይወጣም። እዚህ ላይ ካለ፣ ፈልጎ ነው ያደረገው› አለ።

ሸማኔዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሽ ኦይታ ይህን ቃል ሠላሳ ዓመት ጠብቆታል። ኤርጫፎ ከልቡ ነበር የተናገረው፤ በክፋት ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር። መርማሪው ‹ክቡር ፍርድ ቤት፣ ባለሙያውም አረጋግጧል› ብሎ ተነሣ። የጸሐፊዋ ጣቶች ሲሮጡ ሰማሁ። አሥራ አራት ቀን፣ አልኩ በልቤ።

ጋሽ ኦይታ ሳይጠሩት ተነሣ።

‹ተሳስቻለሁ› አለ።

ዳኛው መነጽራቸውን አደረጉ። ‹ምን አሉ?›

‹ተሳስቻለሁ፣ ጌታዬ። ኤርጫፎ አላወቀም። እየሸመንኩ ሳለ ደወሉልኝ፤ ልጅህ ወጣ አሉኝ። ቆይተው ደግሞ ደወሉ፤ ወደ ደጋ ወሰዱት አሉኝ። ቀዩ ጠፋኝ። ቢጫውን ስወረውር ስንተኛ እንደሆነ አላወቅሁም።› ጋሽ ኦይታ ሲደነግጥ አማርኛው ሴቱን ወንድ ያደርገዋል፤ ማንም አልሳቀም። ‹ልጄ በረደው፣ ጌታዬ። ያንን ቡልኮ ስጡት።›

‹ታዲያ በጣቢያ ሆን ብዬ ነው ያሉት ለምንድን ነው?›

‹አፍሬ ነው።›

‹ተሳስቼ ነው ያሉትስ አሁን ልጅዎን ለማስለቀቅ እንዳልሆነ በምን እናውቃለን?›

ጋሽ ኦይታ ወደ ኤርጫፎ ዞረ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ፊት ለፊት ሲተያዩ ያን ጊዜ የመጀመሪያቸው ነው። ‹መስመሩን ተወው፤ ምቱን ዳስሰው› አለው። ምት የሚሉት ክሩ ተመትቶ የሚጠብቅበትን ነው።

ኤርጫፎ ዐይኑን ጨፈነ። የተሳሳተውን ጫፍ በሁለት መዳፉ መካከል አድርጎ ቀስ ብሎ ዳሰሰ። ከመስኮቱ የገባው ጭጋግ እጁ ላይ ሲያልፍ አየሁት፤ ከእኔ ሌላ ሰው አይቶት ከሆነ አላውቅም። ዐይኑን ሳይገልጥ ተናገረ። ‹አስቦ ያደረገው ቢሆን ኖሮ አጥብቆ በመታው ነበር። እዚህ ጋ ላልቷል፣ እዚህ ጋ ጠብቋል፣ ደግሞ ላልቷል። እጁ ተንቀጥቅጧል፣ ጌታዬ።› ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ‹የእኔም ልጅ ቢሆን› አለና ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

ዳኛው ብዙ ሳሉ። ልብሱ ማስረጃ አይደለም፣ ለታሳሪዋ ዛሬውኑ ይሰጥ፤ እሷም በዋስ ትውጣ፤ ጆሮዋም ይታይ ብለው አዘዙ። ስንወጣ ጋሽ ኦይታ ክንዴን ያዘኝ።

‹ሰብሊ፣ ያልኩት ተጽፏል?›

‹ተጽፏል።›

‹ስሜም አብሮ?›

‹ስምህም።›

‹ጥሩ› አለ።

ግቢው ውስጥ ፒካፗ ሞተሯን አስነሥታ ትጠብቃለች። ዋስትናውስ ሲባል፣ ሌላ መዝገብ አለባት፣ ሦስተኛ ነው አሉ። ክብሩ ወረቀቱን ይዞ ይጮኻል፤ የሚሰማው የለም። የቡልኮውን ትእዛዝ ብቻ ፈጸሙ። ያ በር ላይ የነበረው ልጅ እግር ፖሊስ ከማዳበሪያው አውጥቶ አጣጥፎ ሰጣት፤ የተሳሳተውን ጫፍ እሱም ወደ ውስጥ አጥፎታል። እኔ በቀኝ በኩል ደረስኩባት።

‹እትዬ ሰብሊ፣ አባዬ ምን ብሎ ነው ሰው ሁሉ ዝም ያለው? አልሰማሁም› አለችኝ።

‹ተሳስቻለሁ አለ።›

ሳቀች። ያ ሁሉ ነገር ላይዋ ላይ እያለ ከልቧ ሳቀች። ‹አባዬ? አባዬ እንዲህ አይልም።›

ጋሽ ኦይታ በግራዋ ቆሞ ነበር። መኪናዋን ዞሮ በቀኝ በኩል መጣ፣ ጎንበስ ብሎ አፉን ጆሮዋ ላይ አድርጎ በጋሞኛ ነገራት። የእኔ ጋሞኛ የገበያ ነው፣ ግን ገባኝ። ያንኑ ቃል ነው የደገመው። ጽጌሬዳ በጥፊ ስትመታ አላለቀሰችም፣ ሲሚንቶ ላይ አላለቀሰችም፣ ችሎት ፊትም አላለቀሰችም። ያን ጊዜ ግን እንደ ሕፃን ልጅ አለቀሰች። ከዚያ ቡልኮውን ዘረጋችው፣ የታጠፈውን ጫፍ ወደ ውጭ ገልብጣ ትከሻዋ ላይ አደረገችው። መኪናዋ ሄደች።

ኤርጫፎ ከኋላችን መጥቶ፣ ‹ስትወጣ ያን ጫፍ እኔ ፈትቼ አስተካክልላታለሁ› አለ።

‹እንዳትነካው› አለው ጋሽ ኦይታ።

ይህ የሆነው ሐምሌ ላይ ነው። አሁን ጥቅምት ገብቷል፤ ሦስተኛው መዝገብ ተዘግቶ አራተኛው ተከፍቷል፤ ጆሮዋን ያየላት ሐኪም የለም። ጋሽ ኦይታ በየሐሙሱ ስንቅ ይዞ ወደዚያው የደጋ ጣቢያ ይወጣል። እንዲያያት ሁልጊዜ አይፈቅዱለትም። ሲከለክሉት በር ላይ ያለውን ያንኑ ልጅ እግር ፖሊስ አንድ ነገር ይጠይቀዋል፤ ‹በየትኛው ጫፍ ነው የለበሰችው?› ይለዋል።

‹በተሳሳተው፣ አባባ።›

ከዚያ ይወርዳል። በማግሥቱ ጠዋት የመወርወሪያውን ድምፅ እሰማለሁ።